ሊብሬው ላይ የሌለ

አስፋልቱ ሲያበቃ፣ ከሱሉልታ ማዶ፣
ቆሞ አገኘሁት፣ ጎማው ግማሽ ወርዶ፤
ላንድሮቨር ነው።
አረንጓዴ ከተባለ፣ ፀሐይ የጠጣችው ቀለም፣
በሩ ላይ የከሰመ ጽሑፍ፣ የማን መሥሪያ ቤት እንደነበር አይለይም።

"በሁለት ዓመት ይበልጠኛል" አልኩ ሊብሬውን ሳይ።
ደላላው ጉደታ ሳቀ፦ "ታላቅ ይከበር የለም ወይ?"
ኮፈኑን በመዳፉ መታው፣ እንደ በቅሎ አንገት፣
"ይሄ ብረት ነው ጌታዬ! ያሁኑማ ወረቀት።"

ዕቁብ የደረሰን ባለፈው እሑድ ነው።
ብሩ ባንክ ገብቷል፤ ልባችን ነው ገና ያልገባው።
ቤታችን መስኮት የለውም፤ ላስቲክ ነው የወጠርነው፣
ነፋስ በመጣ ቁጥር ሌሊቱን ሲያጨበጭብ የሚያድረው።
በአንድ የባንክ ደብተር ሁለት ሐሳብ ታስሮ፣
አንዱ "መስኮት" ይላል፣ አንዱ "መኪና፣ ዘንድሮ!"

ክረምት ሲገባ ግን ዋልካው መንገዱን ይውጣል፤
ባጃጅ ከድልድዩ ይመለሳል፣
ጫማ ከእግር ይወልቃል።
ባለፈው ነሐሴ ልጄ በትኩሳት ስትነድ፣
በጀርባዬ አዝዬ ሁለት ሰዓት ሄድኩ፣ ያንን ጭቃ መንገድ።
ከዚያች ሌሊት ወዲህ በሕልሜ የማየው
አራት ጎማ በአንድ ጊዜ ሲዞር ነው።

መካኒኩን ሽኩርን ይዤው ነበር የመጣሁ፤
ከሥር ገባ፤ እኔ ሁለት እግሩን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ።
"ሻንሲውስ?"
"ዝገት በልቶት በስቱኮ ሸፍነውታል።"
"ካምቢዮው?"
"ሦስተኛ ማርሽ ላይ ይጮሃል።"
"ፍሬኑ?"
"በጸሎት ነው የሚይዘው። ግን ይይዛል።"
ዝም አለ። የሆነ ነገር በመፍቻ ነካ ነካ አደረገ።
"ሞተሩ ግን…" አለ ከዚያው ከጨለማው፣
"እንደ ሽማግሌ ነው። ጠዋት ያስለዋል፣ ከሰዓት ደህና ነው።"

"ታዲያ ልግዛው?"
ወጥቶ ጣቶቹን በጨርቅ ጠረገ፣ አንድ በአንድ።
"ከገዛኸው በየወሩ እኔ ጋ ነው የምትመጣው፤
ስለዚህ የኔን ምክር አትመነው።"

ባለቤቱ አቶ ወንድይፍራው ዋጋ ሲጠየቅ አይሰማም።
ቁልፉን በጣቱ ያዞራል እንጂ አይሰጥም።
"ማን ነው የሚነዳው?" ይላል። "ደጅ ነው የሚያድረው?"
"ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ የሚለቅ ሰው አለ፤ አንተ እንደሱ ነህ?" ይላል፣
የጎረምሳ ዘር እንደሚቆጥር አማት ያየኛል።

ከዚያ ከክሩስኮቱ ኪስ አንድ ደብተር አወጣ፣
ጠርዙ በግራሶ የወዛ፣ የተማሪ ደብተር፣ ባለ መስመር።

"ሚያዝያ ፲፪፦ ዘይት ተቀየረ።
ሰኔ ፬፦ የሌንጂሳ ሚስት፣ ምጥ፣ ሌሊት። ደረስን።
ሐምሌ ፳፦ አስከሬን ወደ ጫንጮ። ካንዴላ ሁለት ተገዛ።
መስከረም ፯፦ ጭቃ ውስጥ አደርን። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የመኪናው አይደለም።"

ገለጥኩ፣ ገለጥኩ። የዓመታት ዘይት፣ የዓመታት ሰው።
ፊደሉ እየተንጋደደ፣ ከመስመር እየወረደ፣
መጨረሻው ገጽ ላይ፦
"ጥር ፱፦ ዓይኔ አልያዘልኝም። በቀስታ ገባሁ።"
ከዚያ በኋላ ነጭ ነው።

ምንትዋብ ጋ ደወልኩ።
ስለ ሻንሲው ነገርኳት፣ ስለ ፍሬኑ ነገርኳት፣ ስለ ደብተሩ ግን አልቻልኩም።
"ሲነሳ አሰማኝ" አለችኝ።
ስልኩን ኮፈኑ ላይ አስደገፍኩ።
አቶ ወንድይፍራው ራሱ ገባ፤ አስነሳ፤ አልተነሳም።
ደግሞ። አሁንም አልተነሳም።
በሦስተኛው አስሎ፣ ተንዘፍዝፎ፣ ባሕር ዛፉ ላይ የነበረውን ቁራ ሁሉ አባሮ
ተነሳ።

ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስኩት።
ከሷ በኩል ላስቲኩ ሲያጨበጭብ ብቻ ይሰማኛል።
"ይኸውልህ" አለች ቆይታ፣
"ይሄ ላስቲክ አንድ ክረምት ይይዛል።"

ዋጋው ግን ገና አልተቆረጠም።